አልሞ መሳት

የእኔ ሥራ ስህተት መልቀም ነበር። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የተገለበጠ ፊደል፣ የተዘለለ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁለቴ የተደገመ ቃል ስፈልግ እውላለሁ። ሰው በስህተት ፍለጋ ደመወዝ ሲበላ ከከረመ ጠባዩ ይበላሻል። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶግራፍ ካየሁ ሳላቃና አልቀመጥም። የሰው ቤት ተጋብዤ ሄጄ እንኳ የአባወራውን የሠርግ ፎቶ አቃንቻለሁ። ባለቤቴ «አንተን ካገባሁ ጀምሮ ፈተና ላይ ነኝ» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። ይህን አስቀድሜ የማወራው በደርግ ዘመን ጉለሌ ውስጥ የደረሰብኝ ነገር ሁሉ ከዚሁ ጠባይ የመጣ ስለሆነ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ማኪና ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮባት፣ ከአስፋልቱ ተነሥታ ወደ ቁስቋም መውጫ እያቃሰተች ስትወጣ ለፈፈች። ከነገ ጀምሮ ዘወትር እሁድ ጠዋት የዒላማ ተኩስ ልምምድ ስለሚደረግ የቀበሌው ወንዶች በሙሉ እንዲገኙ። ልምምዱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ያልተገኘ ግን ከኅብረት ሱቁ ስኳር አይሰጠውም።

ጎረቤቶቼ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ የአንድ ስፖርት ክበብ የተኩስ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። በሕይወቴ ያለ ጭቅጭቅ ጎበዝ ነህ የተባልኩበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ክበቡ ተዘጋ፣ ጠመንጃዎቹ ተሰበሰቡ። የተሸለምኳትን ዋንጫ ደግሞ ባለቤቴ በቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን ጥያቄ እንዳታመጣብን ብላ ጽሑፏን በአሸዋ ፈግፍጋ የበርበሬ ማስቀመጫ አደረገቻት። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በእጄ አልነካ እንጂ በሐሳቤማ ስተኩስ ነው የኖርኩት። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመብራት አምፖል አነጣጥር ነበር። አንድም ቀን ስቼው አላውቅም።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ከጓዳ ስትወጣ እኔ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ የመጥረጊያውን እንጨት ትከሻዬ ላይ አስደግፌ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ሳነጣጥር ደረሰችብኝ።

«ደስ ብሎሃል» አለችኝ።

«ስኳር ያስፈልገናል ብዬ ነው።»

«ስኳሩ ገደል ይግባ። ሂድ፤ ግን እንዳትመታ።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌ እንዲሁ ልምምድ ተደርጎ ሁለት ወንድማማቾች ዒላማውን ደጋግመው መቱ። ተጨበጨበላቸው፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠራ። በሳምንቱ «ለአጭር ስልጠና» ተብለው ማኪና ላይ ተጫኑና ወደ ሰሜን ሄዱ። ስልጠናው እስካሁን አላለቀም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር «ጥሩ ተኳሽ ነው» ማለት ለክፉ ጠላት ካልሆነ በቀር የማይባል ነገር ሆነ። ባለቤቴ ደግሞ ወሯ ገብቶ ነበር። ስንት ዓመት ለቁስቋም ማርያም ስለት ስትሳል ኖራ ያገኘችው ልጅ ነው። አባቱ ጠመንጃ አያያዝ ስላወቀ ብቻ ያለ አባት እንዲያድግባት አልፈለገችም።

«ማልልኝ» አለች።

«በማን?»

እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «በዚህ።»

ማልኩላት። እጄ ሥር የሆነ ነገር ረገጠኝ፤ ምስክር መሆኑ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ፣ እኛ ወንዶቹ ደግሞ ተሰልፈን ወደ ተኩስ ወጣን። መንገዳችን አንድ ስለነበር እስከ መገንጠያው ድረስ አብረን ሄድን። የመለማመጃው ቦታ ከእንጦጦ ሥር ያለ አሮጌ የድንጋይ ካባ ነበር። ድንጋዩ ተፈልጦ ያለቀበት ገደል ፊት ለፊት ሳንቃዎች ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ሳንቃ ላይ በከሰል ክብ የተሳለበት ወረቀት ተለጥፏል። ከበላዩ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ብቅ ሲሉ ቀይ ጨርቅ ይውለበለብና ጠመንጃችንን አስቀምጠን እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ሁላችንም በደረታችን እንደተኛን ስለሚያገኙን ይሳሳቃሉ። አንዷማ ከሸክሟ ሥር አንገቷን አውጥታ «ተኝታችሁ ከምትውሉ ብታግዙን ምን አለበት» ብላን አለፈች።

አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ፤ ድምፃቸው ግን አያነክስም። ትእዛዝ ሲሰጡ ባሕር ዛፉ ላይ ያሉት ቁራዎች ይነሣሉ። ከኋላቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ባስመጣው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጎበዝ ጎበዞቹን መርጦ ስማቸውን ወደ ላይ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። መጀመሪያ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጉለሌ ለአብዮቱ አልሞ ተኳሾችን ታፈራለች አለ። አጨበጨብን።

የዚያን ጠዋቱን ዓይነት ተኩስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጉለሌ በአንድ ሌሊት ዓይነ ስውር ሆና አደረች። ሸማኔው ገደሉን መታ። የአናጢው ጥይት የት እንደሄደች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሚዛኑ ላይ አንዲት ፍሬ የማታመልጠው እህል ነጋዴ ከፊቱ ያለውን መሬት መትቶ ራሱን አፈር አለበሰ። ሁሉም ተኩሶ ሲነሣ አንገቱን እየነቀነቀ «ዓይኔ እኮ ደከመ» ይላል። ሃምሳ አለቃው «ይህ ሁሉ ዕውር የት ተደብቆ ነው የከረመው» እያሉ ይጮኻሉ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በኋላ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንገቱ ወደ ደረቱ ዘመም አለ።

ችግር የመጣው በጎረቤቴ በባለሱቁ ነው። አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው የከፈቷትን ሱቅ የያዘ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የማያስቀይም ሙስሊም ነው። እሱ መሳትን ማስመሰል አያስፈልገውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ተኛ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ፣ «ቢስሚላሂ» አለና ቃታውን ሳበ። ወረቀቱ መሀል ለመሀል ተበሳ።

ካባው ጸጥ አለ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ለቅሶ ቤት እንደሚባለው «አይዞህ፣ ያለ ነው» አሉት። ባለሱቁ ዓይኑን ገልጦ ቀዳዳውን ሲያይ ፊቱ እንደሚሸጠው ዱቄት ነጣ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ይላል። «ወላሂ አላየሁትም እንኳ።» ሊቀመንበሩ በጸጥታው ደንግጦ ነቃ።

«ማነው የመታው?»

«ይሄኛው አይደለም» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ወደ ሳንቃው እያነከሱ። «የዚህ አፈሙዝ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር። ከጎኑ የተኛው ነው ተሳስቶ የሱን ወረቀት የመታው።»

«ከጎኑ የተኛው ማነው?»

«የለም፤ ጨርሶ ሄዷል።»

ከጎኑ የተኛ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብሎ መከራከር ስላልቻለ «እህ» ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ተራዬ ደርሶ ስለነበር ሌላ ነገር አይታየኝም።

ጠመንጃው አሮጌ ምንሽር ነው። መሬት ላይ ስተኛ ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ አስታወሰ። ክርኔ ቦታውን ራሱ ፈልጎ ያዘ። ሰደፉ ትከሻዬ ውስጥ ያለችውን ጎድጓዳ አገኛት። የጠመንጃው ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ አፍሬ አቧራ ነው አልኩ።

መሐላዬን አልረሳሁም። ክቡን አልመታም። ግን ሳያነጣጥሩ ወደ ሜዳ መተኮስ እንዴት ያለ ነገር ነው? እኔ ነኝ ጥይት ዝም ብዬ የምረጨው? ዓይኔ ሲንከራተት ከወረቀቱ ውጪ፣ ሳንቃው ጥግ ላይ፣ አንዲት ጉጥ አየ፤ ዛፉ ገና ሳንቃ ሳይሆን ቅርንጫፍ የተቆረጠባት ጥቁር ጠባሳ ናት። ክቡ ውስጥ አይደለችም፣ ወረቀቱ ላይ አይደለችም፣ መሐላዬ ውስጥም አልነበረችም።

ትንፋሼን ግማሹን አስወጥቼ ግማሹን ያዝኩ። ቃታውን ቀስ ብዬ እየሳብኩ እስኪመጣ ጠበቅሁት። የመጀመሪያዋ ጥይት ስትሄድ የት እንደገባች ሳላይ አወቅሁ። ሁለተኛዋም እዚያው። የተሰጡኝን አምስቱንም ጨርሼ ስነሣ ልቤ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ምናልባት ከሠርጌ ቀንም ይበልጥ ይሆናል፤ ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም።

ሃምሳ አለቃውና ሊቀመንበሩ ሊያዩ ሄዱ። ሃምሳ አለቃው ቀድመው ደረሱ። ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ሳንቃውን አዩ። እግሩን እንዳመመው ሰው መዳፋቸውን ጉጧ ላይ አሳርፈው ተደገፉና ወደ እኛ ዞሩ።

«ዜሮ!» ብለው ጮኹ። «ወረቀቱ ይቅር፣ ሳንቃውንም አልነካ! ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ባለሱቁ እንኳ ገና ከድንጋጤው ሳይወጣ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ሳንቃውንም አልነካ? አምስቱም እጃቸው ሥር ናቸው እኮ። አፌን ከፍቼ «ይቅርታ፣ ስህተት አለ» አልኩ፤ ማተሚያ ቤት ስናገራት የምውለው የሥራዬ ቃል ናት፣ ሳላስበው ወጣች። ሃምሳ አለቃው መዳፋቸውን ሳያነሡ ትክ ብለው አዩኝ።

«ምን አልክ?»

የባለቤቴ ሆድ ትዝ አለኝ። «ምንም» አልኩ። «እ... ዓይኔ ደክሟል ማለቴ ነው።»

ልምምዱ አልቆ ሰው ሲበተን ሃምሳ አለቃው «አንተ ዜሮ፣ ቀለህ ትለቅማለህ» ብለው አስቀሩኝ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን አሸክሞ እስኪርቅ ድረስ ሁለታችንም አጎንብሰን ባዶ ቀለህ ለቀምን።

«የት ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አትሟዘዝብኝ።»

ስለ ክበቡ ነገርኳቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰው መሳት ሲፈልግ ይበተናል» አሉ። «አንዱን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ መሬት፣ አንዱን ወደ ገደል። እነዚያ ሁሉ ሆን ብለው እንደሳቱ የማላውቅ መሰለህ? ግን ደህና አድርገው ሳቱ። አንተ አምስቱንም አንዲት ጉጥ ውስጥ ከተትካቸው። ወታደር ይህን ቢያይ ክቡን የመታውን ትቶ አንተን ነው የሚወስድህ። ያ ሊቀመንበር ወታደር ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልቆልህ ነበር።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ፣ አንድ ቀን ስህተት ሥራ ብባል እሱንም አርሜ ሠራሁት። «ታዲያ እርስዎ ለምን ሸፈኑልኝ?» አልኳቸው።

አንድ ቀለህ አንሥተው አፈሩን በጣታቸው ጠረጉ። «እነዚያን ወንድማማቾች ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ» አሉ በኋላ። «እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በደጄ ነው የምታልፈው። እስካሁን ሰላም ትለኛለች። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ የለመድነው ድምፃቸው ተመለሰ። «በሚመጣው እሁድ ተበትነህ ሳት። ገባህ?»

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ዜሮ ነህ አሉ» አለችና ሆዷን ደግፋ እስኪያማት ሳቀች። መደሰት ነበረብኝ፤ አኮረፍኩ። የጉጧን ነገር ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ መሐላውን በጓሮ በር ወጣህበት እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሰፈሩም ስም አወጣልኝ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ «ዜሮ፣ እንዴት አደርክ»፣ ከሥራ ስመለስ «ዜሮ፣ እንዴት ዋልክ» ሆነ። ባለሱቁ ሃምሳ አለቃው እንዳተረፉት ስለሚያውቅ እሱን አያነሣም፤ ለእኔ ዓይን ግን ከልቡ አዝኖ «ወንድሜ፣ ካሮት ጥሩ ነው ይላሉ» እያለ ይመክረኛል። ጥርሴን ነክሼ አመሰግነዋለሁ።

የሚቀጥሉት እሁዶች በሕይወቴ ከባዱን ትምህርት የተማርኩባቸው ናቸው። መሳት እንዲህ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንዷን ጥይት ወደ ግራ ብልካት ሁለተኛዋ ሳላስበው ሄዳ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ እጄ ሥርዓት ይወዳል። ሃምሳ አለቃው በላዬ ቆመው፣ ሊቀመንበሩ እንዳይሰማ በጥርሳቸው መካከል ያሠለጥኑኛል።

«ትንፋሽህን አትያዝ፣ ተንፍስ። ቃታውን ንጠቀው። ንጠቀው እንጂ፣ እንደ ሙሽራ እጅ አታባብለው።»

ከዚያ ቀና ብለው ጮክ ይላሉ። «ይህ ሰው ተስፋ የለውም፤ እኔ ግን አልለቀውም!»

ሊቀመንበሩ በትጋታቸው ይደነቃል። ለሌሎቹ ሰነፎች ምሳሌ ይሁናችሁ ብሎ በስብሰባ ላይ አመሰገናቸው። አንድ እሁድ በመጨረሻ አምስቱ ጥይቶቼ በአምስት አቅጣጫ ሄዱ፤ አንዷ ቁራ አስነሣች፣ የቀሩት የት እንደወደቁ እኔም አላየሁም። «ጎበዝ» አሉኝ በሹክሹክታ። ዋንጫዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም። እነዚያን እሁዶች እወዳቸው ነበር። ቅዳሜ ሲመሽ ልቤ ይቸኩላል፣ ጠመንጃ ስለምይዝም ነው፣ እሳቸውን ስለማገኝም ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምን እንደምችል የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሴት ልጃችን የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ሃምሳ አለቃው ዶሮ ታቅፈው ሊጠይቁን መጡ። ሕፃኗን ተቀብለው በሰፊ መዳፋቸው ላይ አስተኟትና ትኩር ብለው አዩዋት።

«የአባቷን ዓይን ነው የያዘችው» አሉ።

«ኧረ አያድርግባት» አለች ባለቤቴ ከአልጋዋ። «የሱን ዓይን ይዛ ምን ልትሆን ነው?»

እኔና እሳቸው ተያየን። ሁለታችንም ሳቃችንን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

ከቀበሌ በላይ የሆነው የከፍተኛው አስተዳደር ውድድር የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በዙሪያችን ያሉት ቀበሌዎች ሁሉ ተኳሾቻቸውን ይዘው መጡ። ሌሎቹ እንደምንም አንድ ሁለት ሰው አልጠፋቸውም፤ የእኛ ቀበሌ ግን አንድም ነጥብ ሳታገኝ ተመለሰች። እርስ በርሳችን አንተያይም እንጂ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። መንገድ ላይ ባለሱቁ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እኔ «ተመስገን» አልኩ። ያ ሁሉ ጥይት ምን ውጤት አመጣ ተብሎ ሊቀመንበሩ በበላዮቹ ፊት እንደተዋረደ የሰማነው ዘግይተን ነው። እሱም ጣቱን ወደ አሠልጣኙ ቀሰረ። ከላይ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ቀበሌው ተኳሽ ማውጣት ካልቻለ፣ መተኮስ የሚያውቀው አሠልጣኙ ራሱ ይሂድ። ግንባር ላይ አሠልጣኝ ይፈለጋል፤ እግሩ ቢያነክስም እጁ ደህና ነው።

ወሬውን የነገረኝ ባለሱቁ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እያለቀሰ ነገረኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልጄን ከእናቷ ጎን አስተኝቼ ተነሣሁ። ባለቤቴ ወዴት ነው ስትለኝ ዳቦ ልገዛ ነው አልኳት።

የጭነት ማኪናው ቀበሌው በር ላይ ቆሟል። ላዩ ላይ የማላውቃቸው ወጣቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃው አሮጌ የወታደር ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሸራ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ግንቡን ተደግፈው ነበር።

«አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉኝ።

«ልነግራቸው ነው» አልኩ። «ተኳሹ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ጉጧን አሳያቸዋለሁ፤ ሳንቃው ካባው ውስጥ አለ። እርስዎ በእኔ ጦስ አይሄዱም።»

ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«ሳንቃዋን የዚያኑ ሰሞን ማግጄ ሽሮ ሠርቼባታለሁ» አሉ። «ደግሞ አንተ ዜሮ ነህ። መላው ጉለሌ ስቆብሃል። ሊቀመንበሩ ራሱ በየእሁዱ አይቶሃል። ዛሬ ተነሥተህ ተኳሽ ነኝ ብትል ማን ያምንሃል?»

ያመለጣቸው ስህተት ካለ ብዬ ነገሩን በልቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አላገኘሁም። ሁሉንም ነገር አስተካክለው ነው የሠሩት። ተናደድኩባቸው፤ እስከ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እግራቸው ወደ ላይ አልወጣ ሲላቸው ብብታቸውን ይዤ ደገፍኳቸው፣ ወጣቶቹም ከላይ ጎተቷቸው። ሻንጣቸውን አቀበልኳቸው።

«ልጅቷን ሳምልኝ» አሉ።

ማኪናው ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።